በአቦ ሥዕል የለበጥኩት መጽሐፍ

በእኛ ከተማ ሴት ልጅ መጽሐፍ ይዛ ከታየች ወይ ትማራለች ወይ ትጸልያለች። ሦስተኛ ምክንያት የለም። ወንድ ከሆነ ይፈቀድለታል፤ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣም ይሁን ልቦለድ ቢገልጥ «አንባቢ ነው» ይባልና ይታለፋል። ሴት ከሆነች ግን፣ በተለይ ደግሞ ዕድሜዋ ገፋ ብሎ ያላገባች መምህርት ከሆነች፣ መጽሐፉ ራሱ ዘመድ እንደሌለው እንግዳ ይመረመራል። ከየት መጣ? የማን ነው? ምን ይላል? ማስተርስ ልትማሪ ነው? አይደለም። እንግዲያው የጸሎት መጽሐፍ ነው? እሱም አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? እኔ እንግዲህ ይቺን «ታዲያ ምንድን ነው?» የምትባል ጥያቄ ስፈራ ዓመታት አለፉኝ።

ለማንም ሳልናገር የቆየሁትን ዛሬ ለእናንተ ልነግራችሁ ነው። አንገቴን ደፍቼ እንደምጽፈው ይታወቅልኝ። እኔ የእማሆይ ወለተ ማርያም ልጅ፣ የጂኦግራፊ መምህርቷ፣ የሰው ፊት ቀና ብላ አታይም የምባለዋ ሴት፣ ጃፓን አገር ሄጄ በአንዲት ደሴት ዙሪያ የቡድሂስቶችን ቤተ መቅደሶች ተከትዬ በእግሬ መዞር እፈልጋለሁ። አያችሁ? ሲነገር እንዲህ ነው። እኔንም ያስደነግጠኛል።

ነገሩ የጀመረው በእግር ሳይሆን በሆድ ነው። ዩኪ የምትባል ጃፓናዊት ባልቴት ከስሜን ተራሮች ስትመለስ ሆዷን አሟት ደባርቅ ቀረች። አስተርጓሚ ሲጠፋ እኔ ተጠራሁ። እንግሊዝኛዋ የእኔን ያህል ስለሚንገዳገድ ተደጋግፈን ጥሩ ሄድን። ፋርማሲ ወሰድኳት፣ አጥሚት አጠጣኋት፣ ሆዷ ረጋ ሲልላት ስለ አገሯ አጫወተችኝ። ሺኮኩ በምትባል ደሴት ሰው ነጭ ለብሶ፣ ከሣር የተሠራ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ዘንግ ይዞ፣ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው እያለ ደሴቲቱን ይዞራል። ዘንጉ ለመደገፊያ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን የጀመረው የጥንት መነኩሴ አብሮ እንደሚሄድ ምልክት ነው። የመንደሩ ሰው ደግሞ ከበሩ ወጥቶ ለመንገደኛው ብርቱካን ይሰጠዋል፣ ሻይ ያጠጣዋል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ዩኪ ባሏ የሞተ ጊዜ እሱን እያሰበች ዞራዋለች። አንድ ጊዜ አልበቃ ብሏት ደጋግማዋለች።

የሰማሁት ሁሉ የማውቀው መሰለኝ። ዘንግ የያዘ መነኩሴ በሊማሊሞ በኩል ወደ ዛሪማ፣ ከዚያም ወደ ዋልድባ ሲያዘግም ከልጅነታችን ጀምሮ እናያለን እኮ። ግን በእኛ መንገድ የሚሄደው ስለት ያለበት፣ የታመመ፣ ወይም የመነነ ነው። እኔ ስለት የለብኝም፤ ደህና ነኝ፤ ለመመነን ደግሞ ድፍረቱ የለኝም። ዓለምን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥልና ሳጠፋ ስኖር፣ ከባሕር ዳር ወዲያ ማዶ እግሬ ረግጦ አያውቅም። ለሰው ተልኬ ሄጃለሁ፣ ለሥራ ሄጃለሁ፣ ለለቅሶ ሄጃለሁ። ለራሴ ብዬ አንድ ቦታ ሄጄ አላውቅም።

«በጸደይ ነይ፤ አብረን እንዞራለን፤ ወጪውን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ ብቻ ተዘጋጂ» አለችኝ ዩኪ ስትሰናበተኝ።

ተዘጋጂ! መምህር የሆነ ሰው ተዘጋጂ ሲባል ምን ያደርጋል? መጽሐፍ ይፈልጋል።

መጻሕፍቱን ዩኪ ወደዚህ በሚመጡ ቱሪስቶች እጅ ትልካለች፤ ቱሪስቶቹ ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ ላይ ለደሴ ይሰጡታል፤ ደሴ ለእኔ ያደርሳል። ደሴ ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን ጢሙን ያሳደገ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ አስጎብኚ ነው። መጽሐፉን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኝና በሹክሹክታ፣

«ቲቸር፣ ኮንትሮባንድዎ ደርሷል» ይለኛል።

«ዝም በል፤ ሰው ይሰማሃል።»

«ይስማ! መጽሐፍ ነው እንጂ ሺሻ አይደል።»

«ሺሻ ቢሆን ይሻል ነበር» እለዋለሁ። ከልቤ ነው። ሺሻ ያጨሰች መምህርት ትመከራለች። ሃይማኖቷን ለወጠች የተባለች ግን በቁሟ ይለቀስላታል።

ቱሪስት በጠፋባቸው፣ መንገዱም በሚዘጋጋባቸው ዓመታት መጽሐፍ አይመጣም ነበር። እኔም በውስጤ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ እል ነበር። ለምን እፎይ እንደምል ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም።

ቀስ በቀስ ግን ተጠራቀሙ። አንዱ የመንገድ መሪ ነው፤ ካርታው ብዙ፣ ምክሩ ከካርታው የበዛ፤ ስለ እግር ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። የቡድሃን ትምህርት የሚያስረዳው ደግሞ ወፍራም ነው፤ መከራችን ሁሉ ከምኞት ይመጣል ይላል፤ እኔ እሱን ባነበብኩ ቁጥር የሚብስብኝ ምኞቱ ሆነ። ደሴቲቱን የዞረ አንድ ሰው የጻፈው የጉዞ ትዝታም አለ፤ ሰውየው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያማርራል፣ ዝናቡን፣ ትራሱን፣ አብሮት ያደረውን ሰው ማንኮራፋት። እንደ እሱ ያጽናናኝ የለም። «ይሄ ነጭናጫ ከዞረው እኔ ምን አነሰኝ?» እላለሁ። ሰላምታ የምታስተምር ኪስ የምታህል መጽሐፍ መጣች፤ በመጨረሻም ጽሑፉ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለበት የፎቶግራፍ መጽሐፍ።

ታዲያ ዩኪ «ስትመጪ አንድ ብቻ ያዢ፤ መንገድ ላይ ወረቀት ድንጋይ ይሆናል» ብላኛለች። የትኛውን? መሪውን ብይዝ መንገዱን አውቄ ትርጉሙን ሳላውቅ ልዞር ነው። ወፍራሙን ብይዝ ትርጉሙን አውቄ ገደል ልገባ ነው። ያቺን ትንሿን ብይዝ ደህና ዋላችሁ እያልኩ ልጠፋ ነው። አንዱን አንሥቼ ሌላውን ሳስቀምጥ የእነሱ ጸደይ ያልፋል። በዚያ ላይ ጸደያቸው የሚውለው በእኛ ሁዳዴ ነው፤ ይሄም ሌላ ጭንቀት ነው። ዩኪ በየዓመቱ ደውላ «ተዘጋጀሽ?» ትላለች፤ እኔም «እየተዘጋጀሁ ነው» እላለሁ።

ዘንድሮ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «ጉልበቴ ከመጪው ጸደይ አያልፍም። አሁን ካልመጣሽ ከእንግዲህ አብሬሽ መሄድ አልችልም» አለችኝ። ብቻዬን እንደማልሄድ እኔም እሷም እናውቃለን።

እንግዲህ ሁለት ነገር አስፈራኝ። አንደኛው መቅረቱ ነው። ሁለተኛው መሄዱ፣ ማለትም እናቴ።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቆብ ደፍታ ከዳባት መጥታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ መጽሐፍ ለእሷ የሚሳለሙት እንጂ የሚገልጡት ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ መምህር ነኝና መጽሐፍ ሳይለበጥ ሲቀመጥ አያስችለኝም፤ ደግሞም እነዚያን የቤተ መቅደስ ፎቶ ያለባቸውን ሽፋኖች መሸፈን ነበረብኝ። ቤት ውስጥ ጠንካራ ወረቀት የምለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ብቻ ነው። ያለፈ ዓመት ካላንደር ሥዕል ስላለበት አይጣልም፣ አይቃጠልም፣ በርበሬ አይቋጠርበትም፤ እናቴ ፍራሽ ሥር አስተኝታ ታኖረዋለች። ከዚያ አወጣሁና ለበጥኩ። ወፍራሙ ሚካኤል ደረሰው። የመንገድ መሪው አቦ ደረሱት፣ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር። እንዴት ያለ ብልሃት ነው አልኩ። ማን ይጠረጥራል?

ማንም አልጠረጠረም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

እናቴ መደርደሪያው ላይ ስታያቸው እንባዋ መጣ። «የኔ ልጅ፣ ተምራ ተምራ ወደ እግዜር ተመለሰች!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ተራ በተራ ትሳለማቸው ጀመር። ያንን ነጭናጫ ሰውዬ ሳይቀር። እኔ ቆሜ አያለሁ። እነግራታለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ፊቷን አያለሁ፤ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የመንገድ መሪው ቦታው ላይ የለም።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረው መጽሐፍ የታለ?»

«አቦን ነው? ለአበቡ ወስጄላት ነው። ጉልበቷ አላስተኛት ብሎ፣ እግሯ ላይ አኖርንላት።»

«እግሯ ላይ?»

«ታዲያ ያመማት ጉልበቷን ነው፤ ራሷ ላይ ላኑርላት?»

እትዬ አበቡ ጎረቤታችን ናት፤ ገበያ ጌሾ ትሸጣለች፤ አፏ ከጌሾዋ ይመርራል፤ ልቧ ግን ደግ ነው። ሮጥኩ ማለት ያንሳል። መደቧ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በመቀነቷ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች።

«እንዴት ነዎት እትዬ?»

«ተመስገን! ከትናንት ወዲህ ልቅቅ ብሎኛል። እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከየት አገኘሽው?»

«ሌላ ላምጣልዎት፤ ከዚህ የሚበልጥ።»

«እረግ! ከአቦ የሚበልጥ?»

«አይ፣ ማለቴ... ትልቅ የሆነ።»

«ተይኝ ልጄ፤ ይሄ ለምዶኛል። ደግሞ የፊታችን የአቦ ዕለት ማኅበሩ የኔ ተራ ነው። አባ ጥላዬ ሲመጡ ገልጠው ያነቡልኛል።»

አባ ጥላዬ የሰፈሩ ካህን ናቸው። የእትዬ አበቡ የነፍስ አባት ናቸው። የእናቴም ናቸው። የእኔም ናቸው።

እስከ አቦ ዕለት ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ተማሪዎቼን ስለ ዝናብ ንፋስ ሳስተምር ንፋሱን በተቃራኒው አስነፈስኩት። ገብቼ ልስረቀው ብዬ አሰብኩ፤ የታመመች ሴት መቀነት ፈትቼ ልወስድ ነው? ለእናቴ ልንገራት ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ሽንኩርት ልጬ ወጣሁ። ደሴን ምክር ብጠይቀው፣

«ቲቸር፣ ቀላል ነው» አለኝ። «ዛሬውኑ ይጥፉ።»

«ወዴት?»

«ጃፓን ነዋ!»

ዕለቱ ደረሰ። የማኅበሩ ሰው ተሰበሰበ፤ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። እኔ በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚያመች ቦታ ተቀምጫለሁ። እናቴ ከአባ ጥላዬ ቀጥሎ የክብር ቦታ ይዛለች፤ የመጽሐፉ ባለቤት እናት ናትና። እትዬ አበቡ መቀነቷን ፈታች፤ አባ ተቀብለው ሥዕሉን ተሳለሙ፤ ለሁሉም አሳለሙ፤ ለእኔም አሳለሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ።

አንድ ገጽ ገለበጡ። ደግሞ ወደ ኋላ መለሱት።

«ይሄማ የፈረንጅ ፊደል ነው።»

እኔ በሩን አየሁት። እትዬ አበቡ ግን ደስታዋን አልቻለችውም። «ለዚያ ነዋ ቶሎ የሠራልኝ!» አለች። ቤቱ በሣቅ ሞላ። እናቴም ኮራ ብላ፣ «ልጄ ታንብብላችሁ፤ የተማረችው ለመቼ ነው?» አለች።

መጽሐፉ እጄ ገባ። የገለጡት ቦታ ስለ እግር የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ነበር። ልዋሽ እችል ነበር፤ ግን ውሸት ፈጠራ ይፈልጋል፤ እኔ በዚያች ሰዓት ስሜንም አላስታውስም። የተጻፈውን እንዳለ ወደ አማርኛ መለስኩት።

«መንገድ ከመጀመርህ በፊት እግርህን መርምር። ጠጠር ከገባብህ ወዲያው ቁመህ አውጣው፤ ማደሪያዬ ስደርስ አትበል፤ ትንሿ ጠጠር ትልቅ ቁስል ትሆንብሃለች።»

«ቃለ ሕይወት ያሰማልን!» አሉ አባ ጥላዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አያችሁ፣ ጠጠር ያለው ኃጢአትን ነው። በንስሐ ቶሎ አውጣው፣ አታሳድረው ሲል ነው።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

«ከአቅምህ በላይ አትሸከም። ያስፈልገኛል ብለህ ከያዝከው ውስጥ አብዛኛው አያስፈልግህም።»

«ይሄ የዓለምን ሀብት ነው።»

«አሜን!»

«ቀድሞህ በሚሄደው አትናደድ፤ ከኋላህ በቀረው አትሣቅ። በራስህ እርምጃ ሂድ።»

አንዲት አሮጊት እንባቸውን ጠረጉ። እናቴን አየኋት፤ እንዲህ ስታየኝ አይቻት አላውቅም፤ ከተመረቅኩበት ቀን ይበልጣል። ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ዓይኔ ቀድሞ ያየው ቢሆን ኖሮ እዘለው ነበር።

«ካልሲህን በየቀኑ ቀይር።»

አባ ጥላዬ አሰቡ። ጢማቸውን ዳበሱ። ጣራውን አዩ። ለጠጠሩ ተገኝቶለት ነበር፤ ለካልሲው ግን አልተገኘም።

«ካልሲ ያለው...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን መጽሐፍ የጻፈው አባት የየትኛው ገዳም ነው?»

አሁን መዋሸት ማለት መጽሐፍ መለበጥ አይደለም፤ የነፍስ አባትን ዓይን እያዩ መዋሸት ነው። መሬት መሬቱን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጃፓንን፣ ደሴቲቱን፣ ነጭ ልብሱን፣ ቡድሃን፣ ዩኪን፣ ካላንደሩን። ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም ነበር፤ ለእነሱ ግን በደንብ ተሰምቷል። የጠላ ጣሳ ሲቀመጥ ሰማሁ። «በስመ አብ!» ያለም ሰማሁ።

እትዬ አበቡ ጉልበቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የታሰረላት ፍም እንደሆነ ሁሉ መቀነቷን አራገፈችው። ከዚያ ጥቂት አሰበችና ቀና አለች።

«እኔ የተሳለምኩት ሥዕሉን ነው» አለች። «ከሥሩ ያለውን አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ያዳነኝም ሥዕሉ ነው።»

አባ ጥላዬ መጽሐፉን ተቀበሉኝ። ሥዕሉን እንዳይቀደድ ቀስ ብለው ገፈፉት፤ ተሳልመው ለእትዬ አበቡ ሰጧት። ራቁቱን የቀረውን፣ ባለ ብዙ ጣራ ቤተ መቅደስ ያለበትን መጽሐፍ ደግሞ ለእኔ መለሱልኝ።

«ሥዕል ብርድ ልብስ አይደለም፤ ያገኙትን አያለብሱትም» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ልትሰግጂ ነው የምትሄጂው?»

«አይደለም አባቴ። ልሄድ ብቻ ነው።»

«ለመሄድ ለመሄድማ ሊማሊሞ አለ።»

አንዳንዱ ሣቀ። እሳቸው አልሣቁም። «ሰው ሳያመው፣ ስለት ሳይኖርበት፣ ይህን ያህል መንገድ?» አሉ፤ ጥያቄው ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። «እንግዲህ እኔ የነፍስሽ አባት ነኝ፤ ስለ ነፍስሽ የምለውን በኋላ ለብቻሽ እልሻለሁ። የእግርሽ እናት ግን እዚያች ተቀምጣለች። እሷን ጠይቂ።»

ሁሉም ዞሮ እናቴን አየ። እናቴ ቆቧን አስተካከለች፤ ዘንጓን አነሣች፤ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከስድብ የከፋ ነው። ዝም አለች። ለእኔ የሚነገረው ሁሉ በድመታችን በኩል ሆነ። «ራት ቀርቧል በያት» ትላታለች ድመቲቱን። «በሩን ትዝጋው፤ ብርድ ይገባል በያት።» እኔም፣ ምን ላድርግ፣ «እሺ በያት» እላለሁ። ድመቲቱ አንድ ጊዜ እሷን አንድ ጊዜ እኔን ታያለች። መደርደሪያውን መሳለም ቀረ። ዩኪ ደወለች፤ ስልኩን አላነሣሁትም። አለቀ አልኩ። ሲያልቅ ደግሞ፣ ልንገራችሁ አይደል፣ ከሐዘኑ ሥር ትንሽ እፎይታ ነበረችበት። ያቺው የድሮዋ እፎይታ። አሁን ግን አወቅኋት፤ አወቅኋትና አፈርኩባት።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት እናቴ ድመቲቱን ዘልላ በቀጥታ ተናገረችኝ።

«እስቲ አምጪው።»

«የቱን?»

«ሥዕል የሚበዛበትን።»

የፎቶግራፉን መጽሐፍ ሰጠኋት። ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀስ እያለች ገለጠች። ቤተ መቅደሶቹን በጥርጣሬ እያየች አለፈች። ነጭ የለበሱትን ስታይ ቆም ትላለች። «ጥጥ ነው?» ትላለች። «ይጾማሉ?» ትላለች። «ሥጋ የማይበሉ አሉ» እላታለሁ። «ይቺ ሴትዮሽ ለምን ትዞራለች?» ስትለኝ «ባሏን እያሰበች» አልኳት። አንድ ገጽ ላይ ቆየች። ጎንበስ ያለች አሮጊት በሯ ላይ ቆማ ለመንገደኛ ብርቱካን ትሰጣለች።

«ሁለት እጇን ነው የዘረጋችው» አለች እናቴ።

«አዎ።»

«ለማታውቀው ሰው?»

«ለማታውቀው ሰው።»

መጽሐፉን ዘጋችው። «እንዲህ ያለች ሴት ባለችበት አገር ልጄ ተርባ አትሞትም። ማተብሽን እንዳትፈቺ። የማታውቂው ነገር ፊት እንዳትሰግጂ። ሌላውን... እንግዲህ ሂጂ።» ከዚያ አተኩራ አየችኝ። «መቼ ነው የምትነሺው?»

ይህን ቃል ለመስማት ዓመታት የጠበቀች ሴት ምን ማለት አለባት? እልል ማለት አለባት። እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ።

«ገና ነው እማዬ። የትኛውን መጽሐፍ እንደምይዝ አልወሰንኩም። ደግሞ ወፍራሙን አልጨረስኩትም...»

«መንገድ ልትሄጂ ነው ወይስ ፈተና ልትቀመጪ?»

ለካ እናቴን ስፈራ የኖርኩት እሷን መፍራት ከሌላው ፍርሃት ስለሚቀለኝ ነው። «እናቴ አትፈቅድም» ማለት ያምራል፤ ያስከብራል። «ፈራሁ» ማለት ግን የማንም አይደለም፤ የራስ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ፊቴ ላይ አነበበችው። ፊደል ያልቆጠረች መሆኗን ነግሬአችኋለሁ። «ነገ ቅዳሜ ነው» አለች። «መንገዱም ሰሞኑን ሰላም ነው። ዳባት አክስትሽ ዘንድ ሂጂ። በእግርሽ። መጽሐፍ ሳትይዢ።»

«በእግሬ? መኪና እያለ?»

«ጃፓን መኪና የለም?»

ጠዋት ወጣሁ። አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ ደመወዝተኛ ሆናችሁ በትውልድ አገራችሁ አስፋልት ላይ በእግር አትሂዱ። ሚኒባሱ ሁሉ አጠገቤ ሲደርስ ይቆማል። «ዳባት! ዳባት! ቲቸር፣ ግቢ እንጂ!» ይላል ረዳቱ። አልገባም ስል ሾፌሩ ራሱ አንገቱን ያወጣል፤ «ከእኔ ጋር ተጣላሽ?» ይላል። የማውቃቸው ሴቶች ከገበያ መንገድ ወጥተው ያቅፉኛል፤ «ማን ሞተ?» ይሉኛል። መምህርት በእግሯ ዳባት ከሄደች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማንም አልሞተም ስላቸው ይበልጥ ይደነግጣሉ። አንዷ ገብስ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ፤ የሐዘንተኛ ይሁን የእብድ ስንቅ አላወቅኩም፤ ተቀበልኩ።

ፀሐይ ከረር ስትል የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር በሞተር ብስክሌት ደረሰብኝ።

«እትዬ ጂኦግራፊ! ምን ሆነሽ ነው?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ደከመኝ። መዋሸቱ ከመሄዱ ይበልጥ ደከመኝ። «እየተለማመድኩ ነው» አልኩት። «ጃፓን ሄጄ በእግሬ ልዞር ነው። የቡድሂስቶች መንገድ ነው። ሃይማኖቴን አልለወጥኩም። እናቴ ታውቃለች። አባ ጥላዬም ያውቃሉ።»

ሞተሩን አጠፋ። ቆቡን አወለቀ። «ካልሲ ያለው መጽሐፍ ያንቺ ነው?» አለኝ።

ለካ እኔ ምስጢር ብዬ እይዘዋለሁ እንጂ ከማኅበሩ ቀን ጀምሮ ደባርቅ ሲተኛም ሲነሣም የሚያወራው እሱን ነው። እስከ ጃናሞራ ሳይደርስ አልቀረም። ሰውየው ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ዳባት ተፈተለከ፤ ቀሪውን ወሬ ይዞ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። አንድ ሚኒባስ ባዶ ወንበር ይዞ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፈተልኝ፤ እግሬን አንሥቼ ደረጃው ላይ አደረግኩ። እውነቴን ነው፤ አድርጌዋለሁ። ከዚያ አወረድኩት። ለምን እንዳወረድኩት እስካሁን አላውቅም፤ ጀግንነት አይደለም። ልገባ ስል ውስጥ ያሉት ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩኝ አፍሬ ይመስለኛል። እንግዲህ ዓይናፋርነትም ለአንድ ቀን ይጠቅማል።

ዳባት ስደርስ የአክስቴ በር ተከፍቶ ነበር። ገባሁ። አክስቴ ቆማለች፤ እናቴ ተቀምጣለች።

«እማዬ! በምን መጣሽ?»

«በመኪና ነዋ። ምን ቸግሮኝ በእግሬ እመጣለሁ?»

ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ ቀርቦ ነበር። እግሬን ሳብ አደረገችና ጫማዬን አወለቀችልኝ። ተይ እማዬ፣ ቆብ ደፍተሽ አይሆንም ብል ማን ይሰማኛል? ዝም ብላ ታጥበኛለች። እኔ ከማፈሬ የተነሣ ጣራ ጣራውን አያለሁ።

«ደውዪላት» አለችኝ ከእግሬ ላይ ቀና ሳትል።

«ለማን?»

«ለዚያች ሴትዮ። እግርሽ ውሃ ውስጥ እያለ ደውዪላት፤ ተነሥተሽ እንዳትሸሺ።»

ደወልኩ። ኔትወርኩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ ተገኘች። «እመጣለሁ» አልኳት። መልሳ የጠፋች መሰለኝ፤ ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። እኔም የለመድኩትን ጠየቅኩ። የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ? አንቺ ከሁሉም የትኛው ይሻላል ትያለሽ?

ዩኪ መሣቅ ጀመረች። ሣቋ ሲቆም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ እኔ አፍራ፣ ነገረችኝ። ከላከቻቸው አንዱንም አላነበበችውም። እኔ መጽሐፍ እንደምወድ ስላየች፣ ያስደስታታል ብላ፣ ከመጽሐፍ ቤት እጇ የገባውን እየገዛች ነው የላከችው። እሷ መንገዱን ያወቀችው መጽሐፍ አንብባ ሳይሆን እናቷ አሳይታት ነው።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«መጽሐፎቹን አላነበበቻቸውም እማዬ። አንዱንም።»

እናቴ ከማኅበሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አሳየችኝ።

«ታዲያ እንደ እኔ ናታ!» አለች፤ ደስ ብሏት ተረከዜን በኃይል አሸችው። ውሃ የቋጠረውን ነበርና ጮህኩ። ጩኸቴ ጃፓን ድረስ ተሰማ።